በጦርነት መካከል ያለን ፍቅር የሚተርክ ልብ ወለድ እንዴት ይነበባል

ፍቅርንና ጦርነትን በአንድነት የሚተርክ ታሪካዊ ልብ ወለድ ብዙ አንባቢ ያለው የድርሰት ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ በብዙዎች እጅ ግን የሚገባውን ያህል ሳይነበብ ያልፋል፤ አንዱ የሚዋደዱትን ሁለት ሰዎች ብቻ እየተከተለ ጦርነቱ ያለበትን ገጽ ሁሉ በጣቱ እየገለበጠ ይዘላል፣ ሌላውም የፍቅር ታሪክ ለወጣቶች የተተወ ነገር ነው ብሎ ከመደርደሪያው ሳያወርደው ይቀራል። ሁለቱም ታላቅ ደስታ አምልጧቸዋል። በእንዲህ ያለው ድርሰት ውስጥ ፍቅሩ ያለ ጦርነቱ፣ ጦርነቱም ያለ ፍቅሩ አይገባም፤ የሚዋደዱት ሰዎች የሚገናኙበትንና የሚለያዩበትን ሰዓት የሚወስነው የልባቸው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የጦሩ መንገድ፣ የባቡሩ ሐዲድና የእህሉ ዋጋ ነውና።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ መጽሐፍ ይዘን እንሂድ። የመረጥሁት አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ሚቼል የደረሰችውን፣ በእንግሊዝኛ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን፣ በአማርኛም ነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጐመውን መጽሐፍ ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርሳቸው በተዋጉበት ዘመን በጆርጂያ ግዛት የሚፈጸም ነው፤ በዚህ ዓይነት ድርሰት ከእርሱ ይልቅ የታወቀ ጥቂት ነው፣ ከእርሱም ይልቅ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ተግባር መጽሐፉንና ጊዜውን ማሰናዳት ነው። መጽሐፉ በአምስት ክፍል ተከፍሎ 63 ምዕራፍ ያለው፣ በመጀመሪያው እትሙም ከ1,000 ገጽ የሚበልጥ ስለሆነ፣ በአንድ ሰንበት እጨርሰዋለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ወይ ይዘላል ወይ ይሰለቻል። በየቀኑ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ቢያነቡ በአንድ ወር ገደማ ይፈጽሙታል፤ ይህም ለመጽሐፉ የተገባ አነባበብ ነው፤ ታሪኩ 12 ዓመት ያህል የሚዘልቅ በመሆኑ፣ የሰዎቹ ጠባይ ሲለወጥና አገሩ ሌላ ሲሆን በእውነት የሚሰማው አንባቢው ራሱ ከእነርሱ ጋር ጥቂት ሲከርም ነው። ከሐምሌና ከነሐሴ ምሽት የተሻለ ጊዜ እኔ አላውቅለትም፤ ዝናቡ ሰውን ከቤት በሚያውልበት ወራት ረጅም መጽሐፍ ወዳጅ ይሆናል።

ፍጻሜውን ግን ከማንም አይጠይቁ፤ የሚነግርዎትም ሰው ቢኖር አያድምጡት። ደራሲዋ መጽሐፉን መጻፍ የጀመረችው ከመጨረሻው ምዕራፍ ነበር፤ ወዴት እንደምትሄድ አስቀድማ ወስና ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ መንገዱን ጠርጋለች። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ እንደ ዋዛ የተጣለ የሚመስለው ቃል ሁሉ ወደዚያ ፍጻሜ ያዘነበለ ነው፤ ፍጻሜውን አስቀድሞ የሰማ ሰው የዚህን ጥበብ ጣዕም ያጣዋል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከታሪኩ የምገልጸው አንባቢውን ለመምራት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው።

የአማርኛውን ትርጕም የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ጥቂት ቆም ብለው ትርጕሙ የተሠራበትን ስፍራ ያስቡ። በኋላ በአዲስ አድማስ ጋዜጣ አዘጋጅነቱ የታወቀው ነቢይ መኰንን ይህን ግዙፍ መጽሐፍ የተረጐመው በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው፤ መጻፊያ ወረቀት በሌለበት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ፣ ወደ 3,000 በሚደርሱ ቍራጮች ላይ ጽፎ፣ እነዚያም ቍራጮች በጥቂት በጥቂቱ ከእስር ቤት ወጥተው ኋላ መጽሐፍ ሆኑ። አገር በእርስ በርስ እልቂት በምትታመስበት ዘመን፣ በእስረኛ እጅ፣ ስለ ሌላ አገር የእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈ ድርሰት ወደ አማርኛ ተመለሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትርጕም በእጁ የያዘ አንባቢ ዓረፍተ ነገሮቹን ለመዝለል እጁ ይከብደዋል፤ ሊከብደውም ይገባል።

ሁለተኛው ተግባር ጦርነቱን በልክ ማወቅ ነው። በልክ የምለው፣ ልብ ወለድ ለማንበብ የታሪክ ሊቅ መሆን ስለማያሻ ነው፤ ምንም ሳያውቁ መግባት ግን የታሪኩን ግማሽ ሳያዩ መውጣት ነው። የጦርነቱ ሥር ባርነት ነበር። በ1860 በአሜሪካ 4 ሚሊዮን ያህል ጥቁር ሕዝብ በባርነት ተይዞ ይኖር ነበር፤ የደቡቡ ባለጸጎች የጥጥ እርሻቸው፣ ግርማቸው፣ የእንግዳ አቀባበላቸውና የሴቶቻቸው ሐር ሁሉ በዚህ ሕዝብ ጕልበት ላይ የቆመ ነበር። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆኖ በተመረጠ ጊዜ ይህ ሥርዓት እንዳይነካባቸው የፈሩት የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ ተገነጠሉ፤ ከዚያም ጦርነቱ ተነሣ። አራት ቀኖች በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ያንኑ ወረቀት የገጽ ምልክት ያድርጉት፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1861 በፎርት ሰምተር የመጀመሪያው መድፍ ተተኰሰ፤ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 በጌቲስበርግ የደቡቡ ጦር ተሰበረ፤ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1864 አትላንታ ተያዘች፤ ኤፕሪል 9 ቀን 1865 የደቡቡ ጄኔራል ሊ በአፖማቶክስ እጁን ሰጠ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጀመሪያ ወረቀቱን አይተው ከነዚህ ቀኖች በየትኛውና በየትኛው መካከል እንደሚገኙ ይወቁ። በታሪኩ ያሉት ሰዎች ነገ የሚሆነውን አያውቁም፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ፤ የእንዲህ ያለው ድርሰት ጣዕም ከሚመነጭባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ይኸው ባለማወቃቸውና በማወቅዎ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከቀኖቹ ጋር አንድ ካርታ ያስፈልጋል፤ ራስዎ በእርሳስ የጫሩት ቢሆንም ይበቃል። በመካከል አትላንታን ያስቀምጡ፤ ከእርሷ በስተደቡብ ጆንስቦሮን፤ ከጆንስቦሮ ጥቂት አለፍ ብሎ የባለታሪኳን የስካርሌት ኦሃራን ቤት ታራን፤ ታራ በደራሲዋ ሐሳብ የተፈጠረች ናት፣ ጆንስቦሮ ግን ያለች ከተማ ናት። አትላንታ በዚያ ዘመን በሕዝብ ብዛት ትንሽ ነበረች፤ ክብሯ አራት የባቡር ሐዲዶች የሚገናኙባት በመሆኗ ነበር። ለደቡቡ ጦር ስንቅና ጥይት የሚተላለፈው በእርሷ በኩል ስለ ነበረ፣ የሰሜኑ ጄኔራል ዊልያም ሸርማን ከሜይ 1864 ጀምሮ ወደ እርሷ ገሠገሠ፤ ደርሶም ሐዲዶቹን በየተራ ቈረጠ። በመጨረሻ የቀረው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜከን የሚወርደው ሐዲድ ብቻ ነበር፤ ይህም የሚያልፈው በጆንስቦሮ ነው። ኦገስት 31 እና ሴፕቴምበር 1 ቀን ስለዚህ ሐዲድ በጆንስቦሮ ብርቱ ውጊያ ሆነ፤ ሐዲዱ በጠላት እጅ በወደቀ ጊዜ የደቡቡ ጦር በዚያው ሌሊት አትላንታን ለቆ ወጣ።

አሁን ይህን ይዘው ወደ ልብ ወለዱ ይመለሱ። ስካርሌት ከተማይቱ በምትለቀቅበት በዚያ ሌሊት አራስ ሴት፣ ጨቅላና ሕፃን ይዛ፣ በከሳ ፈረስ በሚጎተት ጋሪ ላይ ሆና ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ ብላ ትነሣለች። ካርታውን ያላየ አንባቢ ወደ ቤቷ መሄዷን ሰምቶ እፎይ ይላል፤ ያየው ግን እናቷ ቤት የሚወስደው መንገድ ሁለቱ ጦሮች ሲታረዱበት በዋሉት ሜዳ አጠገብ የሚያልፍ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ልጅቱ ከድጡ ወደ ማጡ መውረዷን ይረዳል። ደራሲዋ የአትላንታ ልጅ ናትና አገሩን የምናውቅ አድርጋ ትተርካለች። ሌላም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ በዚያ ሌሊት ሰማዩን ያቀላው እሳት የሸርማን እሳት አይደለም። የደቡቡ ጦር ጥይቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ በገዛ እጁ ያነደደው ነው፤ ሸርማን ከተማይቱን ያቃጠለው ከሁለት ወር በኋላ፣ በኖቬምበር፣ ወደ ባሕር ጉዞውን ሲጀምር ነው።

ሦስተኛው ተግባር ታሪኩን የምትነግረን ማን እንደሆነች መጠየቅ ነው። ማርጋሬት ሚቼል በ1900 በአትላንታ ተወለደች፤ ያደገችውም በጦርነቱ በተዋጉ ሽማግሌዎችና በጦርነቱ ባል የሞተባቸው አሮጊቶች መካከል፣ ወሬያቸውን እየሰማች ነው። ደቡቡ በጦርነቱ ድል መነሣቱን እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ ሳታውቅ እንደኖረች ትናገር ነበር፤ ለካ ሽማግሌዎቹ ሁሉን ሲተርኩላት ሽንፈቱን ብቻ ሳይነግሯት ኖረዋል። በኋላ በአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ሆነች፤ ቍርጭምጭሚቷ ታሞ ከቤት በዋለችበት ጊዜ፣ በ1926፣ መጻፍ ጀመረች፤ መጽሐፉም ከአሥር ዓመት በኋላ ወጥቶ በ1937 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

የወጣበት ቀን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊነገር የሚገባው ነው። ጁን 30 ቀን 1936፣ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው ዕለት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በሕዝባቸው ላይ ስለ ወረደው ግፍና ስለ መርዙ ጋዝ አቤቱታ አሰሙ። ይህን የማነሣው ሁለቱ ሐዘኖች አንድ ናቸው ለማለት አይደለም። አንደኛው ያለ በደሉ የተወረረ ሕዝብ ሐዘን ነው፤ ሁለተኛው ሰውን እንደ ከብት ገዝቶ ለመሸጥ መብት ሲዋጋ የተሸነፈ ወገን ሐዘን ነው። የመጽሐፉ ኃይልም አደጋም ያለው ይህን ልዩነት ለማስረሳት በመቻሉ ላይ ነው፤ የተሸነፈ ሁሉ ያሳዝናልና፣ ደራሲዋም ልብን የሚነካ ብዕር ነበራትና፣ አንባቢው ሳያስበው ከተሸነፉት ጋር ተቀምጦ ያለቅሳል። ያልቅስ፤ ነገር ግን ስለምን እንደሚያለቅስ ይወቅ።

አራተኛው ተግባር ልብስንና እንጀራን መከተል ነው። በጦርነት ታሪክ ውስጥ ጊዜ መሄዱን ከአዋጅ ይልቅ የሚያስታውቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ረጅም ገጽ ስለ ቀሚስ፣ ስለ ወገብ መጥበብ፣ ስለ ግብዣና ስለ ጥብስ ሥጋ ሲተረክ ሰልችቶዎት አይለፉት፤ ደራሲዋ ኋላ የምታፈርሰውን ቤት እየሠራች ነው። በጎረቤቶቹ ቤት በትዌልቭ ኦክስ በተደረገው ግብዣ ላይ ወንዶቹ ሁሉ ጦርነቱ በአንድ ወር ድል እንደሚፈጸም ሲፎክሩ፣ ሬት በትለር የተባለው ስሙ የጐደፈ ሰው ብቻ በደቡብ አንድም የመድፍ ፋብሪካ እንደሌለ ይነግራቸዋል፤ ማንም አይሰማውም። ይህን ንግግር ምልክት ያድርጉበት። ከዚያ የሰሜኑ መርከቦች የደቡቡን ወደብ ዘግተው ጥጡ መውጫ፣ ዕቃው መግቢያ ሲያጣ፣ ከበባውን በመርከብ ሰብሮ እየገባ በውድ የሚሸጠው ያው ሬት በትለር ነው። ልብሱ ከለምለም አረንጓዴ ወደ ሐዘን ጥቁር፣ ከሐዘን ጥቁር ወደ ተጣፈ ጨርቅ ይወርዳል፤ ስካርሌት ከእናቷ ቤት የከፋይ መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ የምታሰፋበት ስፍራ ሲደርሱ፣ ያ መጋረጃ በደኅናው ዘመን በምን መስኮት ላይ እንደ ነበረ ካስታወሱ፣ ምዕራፉ ሌላ ምዕራፍ ይሆንልዎታል። እንጀራውም እንዲሁ ነው። እኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከፍቅሩ ይልቅ የማደንቀው ረኃብ የተተረከበትን ክፍል ነው፤ ደራሲዋ ስለ ረኃብ የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው፣ የጠገበ ሰው የጻፈው አይመስልም።

ከዚህ ጋር ሞትንም እንዴት እንደምታመጣው ያስተውሉ። የስካርሌት የመጀመሪያ ባል ቻርልስ ሃሚልተን ለጦርነት ዘምቶ ጠላት ሳያይ፣ በሰፈር ሳለ፣ ኩፍኝ ይዞት በሳንባ ምች ይሞታል፤ ይህ ገና በመጀመሪያው የሚሆን ስለሆነ ብነግርዎት አይጐዳዎትም። ደራሲዋ ስለ ቀልድ ያደረገችው አይደለም፤ በዚያ ጦርነት ከሞቱት ወታደሮች የሚበዙትን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነበር።

ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ብቻ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ለእርሱ እያነበቡ እንዲያልፉ እለምናለሁ፤ ይኸውም ከጌቲስበርግ ውጊያ በኋላ የአትላንታ ሰዎች በጋዜጣው ቤት ደጅ ተሰብስበው የሟቾቹን ስም ዝርዝር የሚጠብቁበት ምዕራፍ ነው። በዚህ ምዕራፍ መድፍ የለም፣ ደም የለም፤ ያለው ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀትና ስም የሚፈልግ ጣት ነው። ጦርነት ለሴቶችና ለሽማግሌዎች የሚደርሰው በዚህ መልክ መሆኑን ከዚህ ይልቅ የሚያሳይ ገጽ ብዙ አላነበብሁም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ በንጋት ደጅ የሚመታ እጅ ምን እንደሚያስፈራ የሚያውቅ የአገራችን ሰው ለዚህ ምዕራፍ ማብራሪያ አይሻም።

አምስተኛው ተግባር በባለታሪኮቹ ላይ ለመፍረድ አለመቸኰል ነው። ስካርሌት ደግ ሴት አይደለችም፤ ራሷን ትወዳለች፣ ትዋሻለች፣ የእኅቷን እጮኛ ትነጥቃለች፣ ልጆቿን እምብዛም አታይም። ሆኖም ጦርነቱ ደጋጎቹን ሲያንበረክካቸው እርሷ ትቆማለች፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ በእርሷ ትከሻ ላይ ያድራል። አንባቢው እርሷን ለመውደድና ለመጥላት ሲያመነታ ይኖራል፤ ይህም ማመንታት የደራሲዋ ጥበብ ነውና ቶሎ አይገላገሉት። የምትወደው አሽሊ ዊልክስን ነው፤ ወይም የምትወደው ይመስላታል። አሽሊ መጽሐፍና ሙዚቃ የሚወድ፣ ለሚመጣው ዓለም ያልተፈጠረ ሰው ነው፤ በእርሱ አምሳል የምትወደው ጦርነቱ የወሰደውን የልጅነት ዘመኗን መሆኑን እያንዳንዱ አንባቢ በየራሱ ሰዓት ይደርስበታል። እንዲህ ያለው ፍቅር፣ ሰውየውን ሳይሆን ኃላፊውን ዘመን የሚያቅፈው፣ በብዙ የጦርነት ልብ ወለዶች ውስጥ ይገኛል፤ በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» ውስጥ የጸጋዬንና የፊያሜታን ፍቅር በአስመራ ከተማ፣ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው በቀይ ኮከብ ዘመቻ መካከል ሲያስቀምጠው፣ ሁለቱ የሚቻኰሉት በከተማይቱ ላይ የሚወርደውን ነገር ሽታ ስለ ሰሙ ጭምር ነው።

ሜላኒን ግን አደራ። የአሽሊ ሚስት ሜላኒ ድምፀ ልስልስ፣ ሰውነቷ ደካማ፣ ክፉ ነገር የማይታያት ሴት ስለሆነች፣ በመጀመሪያው ንባብ ብዙ ሰው ስካርሌትን እያየ እርሷን ሳያያት ያልፋል፤ ስካርሌትም ራሷ አላየቻትም። ቅዱሳት መጻሕፍት ፍቅረ ቢጽ የሚሉት፣ ባልንጀራን እንደ ራስ የመውደድ ጸጋ፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው በእርሷ ነው፤ ድክመት የመሰለውም ነገር ከሁሉ የጸና ኃይል ሆኖ ይገኛል። ሜላኒ በምትገባበት ገጽ ሁሉ ንባብዎን ጥቂት ያዘግዩ። ከወዲሁ የምነግርዎ ይህን ብቻ ነው።

ስድስተኛው ተግባር ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ በብዙ ገጽ የሚመላለሱ፣ ነገር ግን ታሪካቸው ያልተነገረ ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ባሮቹ ናቸው። ስካርሌትን ያሳደገቻት፣ እናቷንም ያሳደገቻት ሴት ማሚ ከመባል በቀር ስም የላትም፤ ከማን እንደ ተወለደች፣ ልጅ ወልዳ እንደ ሆነ፣ ምን ትመኝ እንደ ነበር አልተጻፈም። ወጣቷ ፕሪሲ የተሣለችው ለመዘባበቻ ነው። ባሮቹ በባርነታቸው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ፣ ነፃ በወጡ ጊዜም እንደ ሕፃናት ግራ የሚጋቡ ሆነው ቀርበዋል። ከጦርነቱ በኋላ ባለው ክፍል ደግሞ ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ማኅበር የተከበሩ ባሎች ሴቶቻቸውን ለመጠበቅ ሳይወዱ የገቡበት ሆኖ ይታያል። ይህ ሐሰት ነው። ያ ማኅበር በ1865 መጨረሻ በቴነሲ፣ በፑላስኪ ከተማ የተመሠረተ፣ ነፃ የወጡትን ጥቁሮች በሌሊት እየገረፈና እየገደለ፣ ድምፅ እንዳይሰጡና እንዳይማሩ ያሸበረ የግፍ ማኅበር ነበር፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም እርሱን ለመቅጣት በ1871 ሕግ እስከ ማውጣት ደርሷል።

ታዲያ መጽሐፉን ልንዘጋው ይገባልን? እኔ አይገባም እላለሁ፤ ነገር ግን ሳያዩ ማለፍም አይገባም። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ንባብ ይዞ አንድ ትርጓሜ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ በዚያው ቃል ላይ ሌላ ፍቺ እንደሚያወርድ፣ እርስዎም በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ አንድ ጊዜ ስካርሌት እንዳየችው፣ ሁለተኛ ጊዜ በር አጠገብ ትሪ ይዞ እንደቆመው ሰው ያንብቡት። ይህን በተግባር ለማድረግ እርሳስ ይያዙ፤ አንድ ባሪያ በገባበት ገጽ ኅዳግ ላይ ምን ይሠራል፣ ምን ይላል፣ ምን ይፈልጋል የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ይመልሱ። ለፊተኞቹ ሁለት ሁልጊዜ መልስ ያገኛሉ፤ ለሦስተኛው ግን ኅዳጉ ባዶ ሆኖ ሲቀር ያዩታል። ያ ባዶ ስፍራ መጽሐፉ የደበቀውን ሁሉ ያሳይዎታል። ስካርሌት በ1861 የትኛውን ቀሚስ ልልበስ እያለች በምትጨነቅበት በዚያው ዓመት፣ ከባርነት ያመለጠችው ሐሪየት ጄኮብስ የገዛ ሕይወቷን ታሪክ አሳትማ ነበር፤ ከጌታዋ ለመሸሽ በአያቷ ቤት ጣራ ሥር ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት ጠባብ ስፍራ ሰባት ዓመት ያህል ተደብቃ መኖሯን የሚነግር መጽሐፍ ነው። ከማሚ አፍ የተወሰደው ቃል በዚያ ይገኛል።

እኛም በዚህ ነገር ከሩቅ ቆመን የምንፈርድ አይደለንም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የኛም የድሮ ትረካዎች ስለ ጌቶቹ ፍቅርና ጀግንነት ሲያወጉ፣ እግር ያጠበችውን ገረድና በቅሎ የጫነውን አሽከር ስማቸውን ሳይጠይቁ ያለፉበት ጊዜ ብዙ ነው። በጆርጂያ ታሪክ ላይ ይህን ማየት የተማረ ዓይን ወደ ቤቱም ሲመለስ ያያል።

ስለ ፊልሙ አጭር ቃል ይበቃል። በ1939 የወጣው ፊልም አራት ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ ግን ከመጽሐፉ በኋላ እንጂ በፊት አይዩት፤ አስቀድመው ካዩት ሬት በትለር ለዘላለም የተዋናዩን የክላርክ ጌብልን ፊት ይዞ ይቀርብዎታል። ከስካርሌት ሦስት ልጆችም ፊልሙ ሁለቱን ጨርሶ አውጥቷቸዋል። ማሚን ሆና የሠራችው ሐቲ ማክዳንኤል በ1940 የኦስካር ሽልማት የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ ፊልሙ በአትላንታ በተመረቀበት ጊዜ ግን በጆርጂያ የነበረው ጥቁርንና ነጭን የሚለይ ሕግ በምረቃው እንዳትገኝ ከልክሏት ነበር። ፊልሙን ሲያዩ በእርሷ ፊት ላይ ያተኵሩ፤ ደራሲዋ ያልሰጠቻትን ብዙ ነገር በዓይኗ ትናገራለች።

መጽሐፉን በፈጸሙ ማግስት ሌላ ነገር ከመጀመርዎ በፊት ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመልሰው እርሱን ብቻ እንደገና ያንብቡ። ስካርሌት በታራ በረንዳ ላይ ከሁለት መንታ ወንድማማቾች ጋር ተቀምጣ የጦርነት ወሬ ሰለቸኝ ስትል ያገኟታል፤ አሁን በዚያ በረንዳ ላይ ከተቀመጡት ማን ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉና፣ ያው ገጽ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስልዎታል። ከዚያም የሚነጋገሩበት ሰው ይፈልጉ፤ በተለይ ከእርስዎ በዕድሜ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ቢሆን መልካም ነው፤ ስለ ስካርሌት የሃያ ዓመት ወጣትና የስድሳ ዓመት እናት አንድ ሐሳብ አይኖራቸውም።

እንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ሳይበርድ ቀጥለው ሌላ መጽሐፍ ያንሡ። ጥቁር አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ዎከር በ1966 ያሳተመችው «ጁቢሊ» በዚያው በጆርጂያ፣ በዚያው ጦርነት ዘመን የሚፈጸም ነው፤ ባለታሪኳ ቫይሪ ግን በጌታው ቤት ኩሽና ውስጥ ያደገች ባሪያ ናት፣ ዎከርም የጻፈችው ከቅድመ አያቷ ሕይወት ተነሥታ ነው። በእርሷም መጽሐፍ ፍቅር አለ፣ ረኃብ አለ፣ የሸርማን ወታደሮች ይመጣሉ፤ ቤቱ ግን ከኩሽናው በኩል ይታያል። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ክረምት፣ አንዱን ከሌላው ቀጥለው እንዲያነቡ አደራ እላለሁ።